አርተር ራምቦ፦ ሐረር ላይ ያበጠው ጉልበትና ፈጣኑ የቲቢ ምርመራ

ሐረርን የሚጎበኝ ሰው በጁገል ግንብ ውስጥ ያለውን ባለ ፎቅ የራምቦ ቤት ሳያይ አይመለስም። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ከራምቦ ዘመን በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ቢሆንም የፈረንሳዊውን ስም ይዞ ቀርቷል። ጎብኚ እዚያ ስለ ገጣሚው፣ ስለ ቡና ነጋዴውና ስለ ጦር መሣሪያ ሻጩ ይሰማል። ይህ ጽሑፍ ግን የሚከተለው የቀኝ ጉልበቱን ነው። በ1891 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያ ጉልበት ያስነሣውን ጥያቄ ዛሬም ከአቦከርም ሆነ ከገጠር ቀበሌ ያበጠ ጉልበት ይዞ ሆስፒታል የሚመጣ ሰውና ቤተሰቡ ይጠይቁታል፦ ይህ ቲቢ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ አለ። መልሱ ምን ያህል እንደሚታመን፣ የት ላይ እንደሚያቆምም ከዚህ ሰው ታሪክ ጋር አብረን እናያለን።

ልጅነቱና እህቱ

አርተር ራምቦ ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በሻርለቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ የጦር መኮንን ነበሩ፤ ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ቤተሰቡን ጥለው ሄዱ። እናቱ ብቻቸውን አሳደጉት። በትምህርቱ ጎበዝ ነበር። በአሥራዎቹ ዕድሜው የጻፋቸው ግጥሞች እስከ ዛሬ ስሙን ያስጠሩታል፤ እሱ ግን ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው መጻፉን እርግፍ አድርጎ ተወ።

በዲሴምበር 1875 ታናሽ እህቱ ቪታሊ በ17 ዓመቷ ሞተች። የገደላት የመገጣጠሚያ ቲቢ ነበር። ብዙ ሰው ቲቢ ሲባል ሳልና አክታ ብቻ ይታየዋል። ነገር ግን ባክቴሪያው በደም ተጉዞ ንፍፊት፣ አከርካሪ፣ ዳሌ ወይም ጉልበት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። መገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባ እብጠቱ ቀስ እያለ በሳምንታትና በወራት ይጨምራል፤ መታጠፍና መዘርጋት ያስቸግራል፤ ጡንቻው ይሟሽሻል። አንዳንዱ ሕመምተኛ ትኩሳትም ሳልም የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ በቲቢ ከሚታከሙት ሰዎች ሲሶ ያህሉ የያዛቸው ከሳንባ ውጭ ያለ ቲቢ ነው፤ ስለዚህ የቪታሊ በሽታ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ቪታሊ ስትታመም የቲቢ መንስኤ ገና አልታወቀም ነበር። ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው ማርች 24 ቀን 1882 ነው። ወንድሟ በዚያን ጊዜ ዓደን ነበር፤ የመጀመሪያውን የሐረር ቆይታውን ጨርሶ።

ሐረር

ራምቦ አውሮፓንና እስያን ሲዞር ቆይቶ በ1880 ዓደን ደረሰና በአንድ የፈረንሳይ የቡና ንግድ ድርጅት ተቀጠረ። ድርጅቱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሐረር ላከው። ከዘይላ ተነሥቶ በረሃውን በፈረስ ለማቋረጥ ሃያ ቀን ያህል ፈጅቶበታል። ከተማዋ ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይገዛ ነበር። ከፈረንሳይ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ ሐረርንና ራሱን ፎቶ አንሥቷል፤ ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀው ዘገባም በ1884 ፓሪስ ላይ ታትሟል። ቋንቋ ቶሎ ይይዝ ነበር።

ቀጥሎ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ የሄደበት ጉዞ መጣ። ብዙ አተርፍበታለሁ ብሎ የገባበት ይህ ንግድ ኪሳራና ድካም አተረፈለት። ምኒልክ በጃንዋሪ 1887 ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ ራምቦ እንጦጦ ላይ አገኛቸው። በዚያው ዓመት ካይሮ ሆኖ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ወገቡን፣ ትከሻውንና ግራ ጉልበቱን እንደሚያመው ነግሯል፤ ምክንያቱን የሰጠው ለድካሙና ለቁርጥማት ነው። ከ1888 ጀምሮ ሐረር ተመልሶ የራሱን ንግድ ከፈተ። ገዥው ራስ መኮንን ነበሩ፤ ሁለቱ በደንብ ይተዋወቁ ነበር።

ጉልበቱ

በፌብሩዋሪ 1891 ራምቦ ቀኝ ጉልበቱን አመመው። መጀመሪያ የደም ሥር እብጠት መሰለውና እናቱ ለእግር የሚሆን የሚጠብቅ ካልሲ ገዝተው እንዲልኩለት ጻፈ። ሕመሙ ሌሊት ሌሊት ይብስበት፣ እንቅልፍም ይነሣው ነበር። ቢሆንም በፈረስ መውጣቱን፣ በእግሩ መሄዱንና ዕቃ ማስጫኑን አልተወም። ጉልበቱን በጨርቅ አጥብቆ ያስር ነበር። በማርች አጋማሽ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ ስለ ደረቀ አልጋ ላይ ዋለ። ሥራውንም ተኝቶ እያየ ያዝዝ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። ሌሊት የሚያነቃና በዕረፍት የማይሻለው የአጥንት ሕመም ከተራ ቁርጥማት ይለያል። ሳምንታት የቆየ፣ እያደር የሚጨምር የአንድ መገጣጠሚያ እብጠት ራሱን ችሎ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ምልክት ነው፤ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ ሲታይ። እንዲህ ያለ ጉልበት ወጌሻ ዘንድ ተወስዶ እንዲታሽ ማድረግ አይገባም። ውስጡ ያለው ቲቢም ይሁን ዕጢ፣ መታሸቱ አይጠቅመውም፤ ሊጎዳውም ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜ ይበላል።

ራምቦ ንብረቱን በርካሽ ሸጦ ኤፕሪል 7 ቀን 1891 ከሐረር ወጣ። ራሱ በነደፈው ሸራ የለበሰ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ 16 ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸከሙት። እስከ ዘይላ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመንገድ ላይ ዝናብ ለረጅም ሰዓታት ያለ መጠለያ ደበደበው፤ ግመሎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ምግብ አጣ፤ አንድ ጊዜ ተሸካሚዎቹ ሲያወርዱት መሬት ላይ ስለ ጣሉት ቅጣት አስከፈላቸው። ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሩ ቀን በቀን መዝግቦታል። ዘይላ እንደ ደረሰ መርከብ ላይ ጭነውት፣ ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ ተኝቶ ዓደን ገባ።

ዓደን ላይ እንግሊዛዊው ሐኪም ጉልበቱን ገና ሲያየው የመገጣጠሚያው ሽፋን መቆጣት ነው፣ ሁኔታውም እጅግ አደገኛ ደረጃ ላይ ደርሷል አለ። እግሩን ስለ መቁረጥም አነሣ፤ ከዚያ እብጠቱ ይቀንስ እንደ ሆነ ለማየት ጥቂት ቀን ለመጠበቅ ወሰነ። የእህቱ በሽታም በዚያ ዘመን በዚሁ ስም ነበር የተጠራው፤ የእሷ በቲቢ የመጣ ነበር። የእሱስ? ሐኪሙ ይህን የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ራጅ የተገኘው ከአራት ዓመት በኋላ በ1895 ነው። የኮክ ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ቢችልም ከመገጣጠሚያ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ብዛቱ ትንሽ ነውና።

ዛሬ ቢሆን

ራምቦ ዛሬ ሐረር ላይ ቢታመም ኖሮ እንደ ሕይወት ፋና ባለ ሆስፒታል ጉልበቱ ራጅ ይነሣል፤ ከመገጣጠሚያው በመርፌ ፈሳሽ ይቀዳል ወይም ከሥጋው ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል፤ ናሙናውም በብዙዎች ዘንድ ጂን ኤክስፐርት ተብሎ በሚታወቀው መሣሪያ ውስጥ ይገባል። መሣሪያው በናሙናው ያለውን ባክቴሪያ ይሰብርና ዘረመሉን ደጋግሞ ያባዛዋል። የቲቢ ዘረመል ካለ አለ ይላል። በዚያው ጊዜ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ምርመራ በ2010 መጨረሻ አጸደቀ፤ አልትራ የተባለውን የተሻሻለ ዓይነት ደግሞ በ2017።

ከማይክሮስኮፕ ጋር ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። በማይክሮስኮፕ ለማየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጂን ኤክስፐርት 130 ገደማ፣ አልትራ ደግሞ 16 ገደማ ይበቃቸዋል።

ታዲያ ምን ያህል ይታመናል? ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲደመሩ የሚታየው ይህ ነው። የሳንባ ቲቢ ካለባቸው 100 ሰዎች የመጀመሪያው ጂን ኤክስፐርት 85 ያህሉን፣ አልትራ 90 ያህሉን ያገኛል። ቲቢ ከሌለባቸው 100 ሰዎች መካከል ደግሞ የመጀመሪያው 2 ያህሉን፣ አልትራ 4 ያህሉን በስሕተት አለባቸው ይላል። ሪፋምፒሲንን የተላመደ ቲቢ ካለባቸው 100 ሰዎችም 95 ያህሉን ይለያል።

እነዚህ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ያማሩ ናቸው፤ በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያስከትሉ ለማየት ግን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ለምሳሌ ያህል 1,000 የሚያስላቸው ሰዎች ቢመረመሩና ከእነሱ 100ዎቹ በእውነት ቲቢ ቢኖርባቸው፣ አልትራ 90ዎቹን ያገኛል፤ 10ሩን ቲቢ የለባችሁም ብሎ ይሰዳቸዋል። ከቀሩት 900 ሰዎች ደግሞ 36ቱን ያለ በሽታቸው ቲቢ አለባችሁ ይላቸዋል። ሐኪሙ ወረቀቱን ካየ በኋላ እንደገና የሚጠይቅዎ፣ ደረትዎን በራጅ የሚያየው፣ ስለ ቀድሞ ሕክምናዎም የሚያነሣው መሣሪያውን ንቆ አይደለም። እነዚያን 10ና 36 ሰዎች እየፈለገ ነው።

ስለ ቀድሞ ሕክምና መጠየቁ የተለየ ምክንያት አለው። ምርመራው የሞተ ባክቴሪያን ዘረመል ከሕያው አይለይም። ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ቢመረመር የድሮው ቅሪት ሊታይበት ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደው ከነበረ መቼና የት እንደ ሆነ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ የሕክምና ካርድ ካለዎት ይዘው ይሂዱ። በዚሁ ምክንያት ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ለመከታተል ጂን ኤክስፐርት አይውልም፤ ለዚያ ማይክሮስኮፕና የባክቴሪያ ማብቀያ ምርመራ አሉ።

አልትራ በጣም ጥቂት ምልክት ሲያገኝ ትሬስ የሚል ውጤት ይሰጣል። ይህ ለሕፃናት፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለባቸው ሰዎችና ከሳንባ ውጭ ለተወሰደ ናሙና ብዙ ጊዜ ቲቢ እንዳለ ይቆጠራል። ለሌሎች ግን፣ በተለይም ቀድሞ ለታከመ ሰው፣ አዲስ ናሙና ወስዶ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። መሣሪያው ስሕተት ወይም ውጤት አልባ ብሎ ከመለሰ ደግሞ ነጻ ነዎት ማለት አይደለም፤ ምርመራው አልተሠራም ማለት ነው፤ ይደገማል።

ናሙናው ከየት ነው?

ቤተሰብ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጉልበቱ ያበጠ ሰው አክታው ተመርምሮ ቲቢ የለም ቢባል፣ ወረቀቱ ስለ ጉልበቱ ምንም አልተናገረም። መሣሪያው የሚመልሰው የገባለትን ናሙና ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤት ሲቀበሉ ናሙናው ከየት እንደ ተወሰደ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ትክክለኛነቱም እንደ ቦታው ይለያያል። ሳንባን ከከበበው ሽፋን በሚቀዳ ውኃ ላይ የመጀመሪያው ጂን ኤክስፐርት ቲቢ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ብቻ፣ አልትራ ሦስት አራተኛ ያህሉን ያገኛል። ለማጅራት ገትር ቲቢ ከጀርባ በሚቀዳው ፈሳሽ ላይ 71ና 89 ከመቶ ገደማ ናቸው። ከአጥንትና ከመገጣጠሚያ በተወሰደ ናሙና የተሠሩት ጥናቶች ያካተቱት ሰው ጥቂት ቢሆንም ውጤታቸው ጥሩ ነው። የሆነ ሆኖ ፈሳሹ ብቻውን ባክቴሪያው ሊጎድለው ስለሚችል፣ ሐኪሙ ቁራጭ ሥጋ ልውሰድ ቢል ምክንያት አለው። ያው ቁራጭ ተከፋፍሎ አንዱ ለጂን ኤክስፐርት፣ አንዱ እስከ ስድስት ሳምንት ለሚፈጀው የማብቀያ ምርመራ፣ አንዱ ደግሞ ሕዋሳቱን በማይክሮስኮፕ ለሚያየው ፓቶሎጂስት ይሄዳል።

የቪታሊን ናሙና እንዲህ መርምረን ቢሆን መሣሪያው አለ ይል ነበር፤ ያም ለቤተሰቡ መልካም ዜና በሆነ። የመገጣጠሚያ ቲቢ በመድኃኒት ይድናል። ሕክምናው ከሳንባ ቲቢ ይረዝማል፤ ብዙ ጊዜ እስከ 12 ወር ይደርሳል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው። ቶሎ ከተጀመረ መገጣጠሚያውም ሊተርፍ ይችላል።

የወንድሟን ጉልበት መርምረን ቢሆን ግን መሣሪያው የለም ይል ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ከሁለቱ መልሶች አስቸጋሪው ይህ ነው። ቲቢ የለም የሚለው ወረቀት ሰላም ነው ተብሎ ከታጠፈ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ መሣሪያው ካንሰርን አያይም፣ ሌላ ባክቴሪያንም አይፈልግም። አንዳንዴ ደግሞ ምርመራው ካላገኘውም ቲቢ ሊሆን ይችላል በሚል ግምት መድኃኒት ይጀመራል። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ምርመራው የሚያመልጡት ሰዎች እንዳሉ አይተናል። በጥቂት ወራት ውስጥ ለውጥ ሳይታይ፣ እብጠቱም እየጨመረ፣ ያለ ሌላ ምርመራ መቀጠል ግን አደገኛ ነው። መድኃኒቱን በራስዎ ሳያቋርጡ፣ እብጠቱ እንዳልቀነሰ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከቦታው ቁራጭ ተወስዶ ይታይ እንደ ሆነም ይጠይቁ።

ማርሴይ

ራምቦ ዓደን ላይ ብዙም አልቆየም። ሜይ 9 መርከብ ተሳፍሮ በ20 ማርሴይ ገባና ኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል ተኛ። እናቱ ቴሌግራም ደርሷቸው መጡ። በሜይ መጨረሻ ሐኪሞቹ ቀኝ እግሩን ከላይ ከጭኑ ቆረጡት። በሆስፒታሉ መዝገብ የሰፈረው በሽታ የጭን ዕጢ ነው። ከእብጠቱ መጀመር እስከዚያ ቀን ሦስት ወር ተኩል ያህል አልፎ ነበር። ቀድሞ ቢታወቅ ይድን ነበር ማለት አይቻልም፤ በዚያ ዘመን ለአጥንት ካንሰር ከመጋዝ በቀር ሕክምና አልነበረም። ዛሬ የካንሰር መድኃኒት ከቀዶ ሕክምና ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ፣ ወደ ሌላ አካል ሳይዛመት የተገኘ የአጥንት ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይድናሉ። ለዚህ ነው ሳምንታቱ የሚቆጠሩት።

በጁላይ በምርኩዝ ሆኖ ወደ እናቱ እርሻ ሄደ። የእንጨት እግር ተሠርቶለት ነበር፤ አልቻለውም። ሕመሙ ወደ ቀኝ ክንዱ ዞረ፤ ክንዱ ሰነፈ። በኦገስት ከታናሽ እህቱ ከኢዛቤል ጋር ወደ ማርሴይ ተመለሰ። ካንሰሩ በሰውነቱ ተሰራጭቶ ነበር። ኢዛቤል እስከ መጨረሻው ከአጠገቡ አልተለየችም፤ እየጻፈችም ለእናቷ ትልክ ነበር። በሕመሙ መካከል ሐረርን ይጠራ ነበር፤ ከሁሉም ይበልጥ የቤቱን ሠራተኛ፣ ወጣቱን ሐረሬ ጃሚን። ከመሞቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መርከብ ላይ ተሸክመው እንዲያወጡት ለመርከብ ድርጅት ደብዳቤ አስጻፈ።

ኖቬምበር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ። ለጃሚ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጠው ተናዝዞ ነበር፤ ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ጃሚም በሕይወት አልነበረም።